ቀይ ክር ያልታሰረላት ሚግ

አጎቴ በፍቃዱ ሰባት የጦር ጄቶች ነበሩት። የስድስቱ የፊት ጎማ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ ሰባተኛዋ ግን ምንም አልነበራትም። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩና ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ክር አልቆበት ነው አልኩ።

ጄቶቹ ከጪጩ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው ቤታችን፣ በአጎቴ ክፍል፣ ከራስጌው በላይ በተመታች ጣውላ ላይ ይቆሙ ነበር። ከስንዝሬ ትንሽ ይረዝማሉ። መጀመሪያ ላያቸው ሰው ፕላስቲክ ይመስሉታል፤ ሲያነሳቸው ግን ክብደታቸው እጁን ወደ ታች ይስበዋል። ብረት ናቸው። ጠዋት እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ፤ ትንሽ ከያዟቸው የያዛቸውን ሰው ሙቀት ይወስዳሉ። ጎማቸው ይሽከረከራል፣ የአብራሪው መቀመጫ ክዳን በጥፍር ይከፈታል፣ በክንፋቸው ሥር የተደረደሩት ሚሳይሎች ከክብሪት እንጨት አይወፍሩም።

ያመጣለት አንድ ጃፓናዊ ቡና ገዢ ነው። ሰውየው መጀመሪያ አጎቴ ወደሚሠራበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የመጣ ዕለት፣ አጎቴ የቡና መፈልፈያውን ማሽን ሲያስነሳ ቆሞ አየ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ። በዓመቱ ሲመለስ ከናሙና ቦርሳው ውስጥ የመጀመሪያዋን ጄት ከነሳጥኗ አውጥቶ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አንድ አንድ ያመጣ ነበር።

ምን አይቶ ባርኔጣውን እንዳወለቀ ያኔ አልገባኝም። ለእኔ ያ ነገር በየቀኑ የማየው ነበር።

አጎቴ የመፈልፈያው መካኒክ ነበር። ማሽኑ በቆመ ቁጥር አራት ቦታ የብረት ፒን ይሰካል፤ ከእያንዳንዱ ፒን ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ነገር ማንም አይነካም። ይህ የጣቢያው ሕግ ነበር፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ቢሆን አይነካም። ማሽኑ የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ አጎቴ አራቱን ፒኖች ይነቅልና ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሁሉ በሚያዩት ቦታ ቆሞ፣ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ከራሱ በላይ ከፍ እያደረገ ይቆጥራል። የሚቆጥረው በመስኮብ፣ በሩሲያ ቋንቋ ነው፤ ወጣት የአየር ኃይል መካኒክ ሳለ እዚያ ተልኮ ተምሯል።

«አዲን። ድቫ። ትሪ። ቺትሪ።»

«ጋሼ በፍቃዱ፣ ዛሬ በረራው ወዴት ነው?» ትላለች አትጠገብ፤ በጣቢያው ውስጥ ምላሷን የማይፈራ ሰው አልነበረም። «በሐዋሳ የሚያልፍ ከሆነ እኔም አለሁ!»

«አንቺን ጭኖማ ከመሬት አይነሳም!» ይላታል ሲላስ፣ እሸት ቡና ከሚረከብበት ሚዛን ላይ ሆኖ።

«አንተ ሚዛንህን ጠብቅ፤ እሱም የሚነሳው ስትነካው ነው አሉ!»

«እጅ!» ይላል አጎቴ፣ ሳይስቅ።

ሁሉም እጁን ያነሳል። አትጠገብ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ንግሥት ቀስ ብላ። «አየን፣ አየን። ዓይናችን እስኪደክም አየን።»

እጁን ያላነሳ ሰው ካለ ሞተሩ አይነሳም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር።

«እኔ ነቀልኩ ብል ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። «ሌላ ሰው ቆጥሮ ማየት አለበት።»

ዛሬ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ጎዙንና መቀሱን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ሌላዋ ነርስ ተከትላኝ ካልቆጠረች አልቀበልም። ዶክተሮቹ «ፀጋ ካልቆጠረች አንዘጋም» እያሉ ይቀልዱብኛል። የት እንደተማርኩት ነግሬያቸው አላውቅም።

ሰባተኛዋ ጄት የመጣችው በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ነው። ቀጭን፣ ብርማ፣ አፍንጫዋ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ዘንግ ያላት ሚግ ነበረች። አጎቴ ሳጥኑን ከፍቶ ሲያያት ቆሞ ከነበረበት አልጋው ላይ ተቀመጠ። ለሌሎቹ እንዲህ አልሆነም ነበር።

ሁለት ሳምንት ሠራባት። ከዲላ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ገዝቶ የሰው አገር ኮከቧን በጥጥ ጠረገ፤ በምትኩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀባ። አፍንጫዋ ላይ አራት ቁጥሮች ጻፈ። ብሩሹ ሦስት ፀጉር ብቻ ነበረው፤ እየጻፈ ትንፋሹን ይይዛል፣ እኔም አብሬው እይዛለሁ።

«እውነተኛዋ ምን ታክላለች?» አልኩት ሲጨርስ።

«እንደዚህች ያሉ ሰባ ሁለቱ ፊትና ኋላ ቢሰለፉ ርዝመቷን ያህላሉ።»

አላመንኩም። ጄቷን ይዘን ወደ ግቢ ወጣን። ከበሩ ጀምሬ አጋደምኳት፣ ጫፏ ላይ በጭረት ምልክት አደረግኩ፣ እንደገና አጋደምኳት። እሱ ይቆጥራል። ሰባ ሁለት ሲል የመጀመሪያው እንሰት ሥር ደርሼ ነበር። ከዚያ አጎቴ ኖራ አምጥቶ በገመድ እየለካ ክንፎቿን፣ ጅራቷን፣ አፍንጫዋን መሬት ላይ ሣለ። ግቢያችን ሙሉውን ጄት ሆነ። ዶሮዎቹ በክንፉ ላይ ይሄዱ ነበር።

ሣለና ከአፍንጫዋ ፊት በስተግራ ሄዶ ቆመ። «እኔ የምቆመው እዚህ ነበር።»

«አብራሪውስ?»

«አንቺ የቆምሽበት።»

«ስሙ ማነው?»

«ሻምበል ከፈለኝ» አለ። እጁን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ከዚያ አወረደውና ኖራውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ። እኔ ደክሞት መሰለኝ።

ለአጎቴ ደብዳቤ የመጣለት በኅዳር ነው። እናቴ አልጣሽ፣ የአጎቴ ታናሽ እህት፣ እንሰት እየፋቀች ነበር፤ እኔ ጓሮ ሆኜ እሰማለሁ።

«የሻምበል እህት ናት» አላት አጎቴ። «ሮማነወርቅ ትባላለች። ከሃያ ዓመት በኋላ አገኘችኝ። ቅዳሜ ልትመጣ ነው።»

«ምን ፈልጋ?»

«ከወንድሟ የቀረ ነገር ካለ ላየው ትላለች።»

የእናቴ መፋቂያ ቆመ። «ታሳያታለህ?»

«ምን አማራጭ አለኝ? ትምጣ። አብረን እንፈታዋለን።»

«ቁጥሩ ባይሞላስ፣ ጋሼ?»

«ካልሞላ አልሞላም።»

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ገባኝ። ከሻምበል ከፈለኝ የቀረ ነገር ማለት ጣውላው ላይ ያለችው ብርማዋ ሚግ ናት፤ ቁጥሯን ሳይቀር እያየሁ ነው የተጻፈው። አንዲት የማላውቃት ሴት መጥታ ልትወስዳት ነው። አጎቴም «ይኸው» ብሎ ሊሰጣት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ እንግዳዋን ሊቀበል ዲላ መናኸሪያ ወረደ። እናቴ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤ የነቢያት ጾም ገብቷል፣ እንግዳዋ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናት ተብሎ የቅቤው ቅል ሳይቀር ከማዕድ ቤት ወጥቷል። እኔ ቀስ ብዬ የአጎቴ ክፍል ገባሁ።

ዕቅዴ ግልጽ ነበር። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ነገር ማንም አይነካም። ጄቷ ላይ ቀይ ነገር ባስር እንግዳዋ ልትወስዳት አትችልም፤ አጎቴም ራሱ ሕጉን አይጥስም። ክር ፈለግኩ፤ የለም። ከጣውላው ሥር ግን አንድ የሸራ ከረጢት ተሰቅሎ ነበር። አፉ በሲባጎ ተሰፍቷል፤ ቋጠሮው ላይ ቀይ ቀለም ተንጠባጥቦ ደርቋል። ስወዘውዘው ብረት ያቃጭላል። በተቦጨቀች ጥግ በኩል አጮልቄ ሳይ ውስጡ ቀይ ነው፤ ብዙ ቀይ።

የአፉን ስፌት አልነካሁም። የጆንያ መርፌ አምጥቼ የታችኛውን ጥግ ፈታሁ። እጄን ሰድጄ ስዳስስ ትልልቅ ፒኖች ነበሩ፤ ለጄቷ የሚሆነውን፣ ትንሹን መረጥኩ። ከትንሿ ጣቴ የማይወፍር ፒን ነው፤ ቀለበት አለው፣ ከቀለበቱ ቀይ ጥብጣብ ተንጠልጥሏል፤ በጥብጣቡ ላይ አንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚመስል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወደ ኋላ የዞረ ነጭ ጽሑፍ አለ። ጥብጣቡን በጄቷ ወገብ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩት። ከዚያ የከረጢቱን ጥግ እናቴ ቡና የሞላ ጆንያ እንደምትሰፋው አድርጌ መልሼ ሰፋሁ።

ወጥቼ ከግቢው ጥግ ወዳለው ትልቁ እንሰት ሄድኩ። የእንሰት ቅጠል ግንዱን አቅፎ በሚይዝበት ቦታ እንደ ኪስ ያለ ክፍተት አለ፤ ብያችንን፣ የሰረቅነውን ሸንኮራ የምንደብቀው እዚያ ነበር። ጄቷን አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ ከተትኳት። ሕጉም ቢጣስ አያገኟትም።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከባጃጅ ሲወርዱ ሳያቸው ትንሽ አዘንኩ። ክፉ ሴት ነበር የጠበቅኩት፤ የወረዱት ግን ረጅም፣ ፀጉራቸው ገብስማ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ ያቀፉ ሴት ነበሩ። እናቴን ሦስት ጊዜ ሳሟት። እኔን አገጬን ይዘው «አንቺስ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አሉኝ። አልመለስኩም። ከጠላት ጋር አይወራም።

ጎመኑንና ቆጮውን ቀመሱ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ አጎቴ ዞሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አቶ በፍቃዱ፣ ልከስዎ አይደለም የመጣሁት» አሉ። «ከግዳጅ ሳይመለስ ሲቀር ለእኛ የነገሩን ከነጄቱ መውደቁን ነው። ወንበሩ ተፈናጥሮ ያወጣዋል ይባል ነበር፤ አላወጣውም። እናቴ "ለምን አልዘለለም?" እያለች ሞተች። በኋላ አንድ ሰው የወንበሩ ፒን ካልተነቀለ አብራሪው እጀታውን ቢስብም አይወጣም አለኝ። ነቃዩ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

አጎቴ ወለሉን እያየ ተናገረ። «ሦስት ጄት ነበር የሚነሳው፤ እኛ መካኒኮቹ ሁለት ነበርን። እየሮጥኩ ነቀልኩ። ለሻምበል አሳየሁት፣ እጁን አነሳልኝ፣ ሄደ። ያሳየሁት አምስት ይሁን አራት አላውቅም። በዚያ ጥድፊያ እሱም መቁጠሩን አላውቅም። ሳይመለስ ሲመሽ እጄን ፒኖቹ ወዳሉበት ኪሴ መክተት አቃተኝ። ሳላይ ኪሴን ከረጢት ውስጥ ገለበጥኩና አፉን ሰፋሁት።»

«ሃያ ዓመት ሳይቆጥሩት?»

«ሃያ ዓመት።»

ይህን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ግን ያኔ ከደመና በላይ የሚሄድ ወሬ ነበር። እኔ የምጠብቀው «ጄቷ የት አለች?» የሚባልበትን ደቂቃ ነበር።

አጎቴ ከረጢቱን አወረደ። የአፉን ሲባጎ በምላጭ ቆረጠ፤ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። አንድ በአንድ አነሳ፣ አንድ በአንድ ለእሳቸው ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አዲን» አለ። «ድቫ።» ድምፁ የጣቢያው ድምፅ ነበር። «ትሪ። ቺትሪ።»

በጣቢያው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። ስለዚህ እጄን አነሳሁ፤ ልማድ ነው። ማንም ግን አላየኝም። አጎቴ ከረጢቱን አራገፈ። እጁን ከቶ ዳሰሰው። እንደገና አራገፈው።

«ትንሿ የለችም» አለ። «የወንበሩ።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እዚያው ትቻት ነው» አለ አጎቴ። «ወንበሩ ላይ። እኔ ነኝ።» ከዚያ ያ ሰው፣ አትጠገብ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አስቃው የማታውቀው ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እኔ ሮጥኩ።

እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩ። ሰው ለአንዲት ጥብጣብ እንዲህ ያለቅሳል? የሰረቅኩት እኔ ነኝ፤ ያን ያህል የሚያስለቅስ ነገር ከሰረቅኩ ምን ዓይነት ዱላ እንደሚጠብቀኝ አላውቅም። ዱላውስ ያልፋል። ጥብጣቡን ለማምጣት ግን ጄቷን ማውጣት አለብኝ፤ ጄቷን ካወጣሁ ደግሞ ሴትየዋ ያዩዋታል። እጄን ወደ ኪሱ ሰደድኩ፤ መልሼ አወጣሁ። ከቤት የአጎቴ ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያለ አጎቴ ጄቷ ምኔ ናት?

አወጣኋት። የጤዛ ውኃ ከክንፏ ይንጠባጠብ ነበር። ገብቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአራቱ ፒኖች አጠገብ አቆምኳት፤ ጥብጣቡ በወገቧ፣ ፒኑ ከሥሯ ተንጠልጥሎ። ወደ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዞርኩ።

«ፒኑን እመልሳለሁ» አልኩ። «አውሮፕላኗን ግን አይውሰዱብን።»

አጎቴ ቀና አለ። ፒኑን አየ። አልነካውም። «ከየት አመጣሽው?»

«ከከረጢቱ።»

«ከረጢቱ ሃያ ዓመት ተሰፍቶ ነው የኖረው፣ ፀጋ። አሁን ነው የቆረጥኩት። እውነቱን ንገሪኝ።» እንባው ሳይደርቅ እንኳ ማጣራቱን አልተወም። ማጽናኛ አልፈለገም፤ ቆጠራ ነበር የፈለገው።

ከረጢቱን ገልብጬ የታችኛውን ጥግ አሳየሁት። እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

«ይህ ያንተ ስፌት አይደለም፣ ጋሼ» አለች። «የጆንያ ስፌት ነው። የኔ ስፌት ነው። ቋጠሮው ደግሞ የእሷ ነው፤ ሁልጊዜ ሁለቴ ትቋጥራለች፣ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ!» ከዚያ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። «አንቺ ሌባ! አንቺ የተባረክሽ ሌባ!»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ፒኑን ከጄቷ ወገብ ላይ ራሳቸው ፈቱት። ብዙ አዩት።

«እንግዲያው ፒኑ ተነቅሎለት ነበር፤ አልዘለለም እንጂ አልታሰረም» አሉ።

«አልታሰረም» አለ አጎቴ።

«የራሱ ምክንያት ነበረው።»

«ያን እኔ አላውቅም፣ እመቤቴ።»

«እኔም አላውቅም። እሱን ለእሱ እተውለታለሁ።» ፒኑን በአጎቴ መዳፍ ላይ አስቀመጡለት። «ለእሱ እንዳሳዩት አድርገው ያሳዩኝ።»

ወደ ግቢ ወጣን። ኖራው በዶሮ እግር ተበታትኗል እንጂ ክንፎቹ አሁንም ይታዩ ነበር። አጎቴ የት መቆም እንዳለባቸው ነገራቸው፤ እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው አብራሪው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆሙ። እሱ ከአፍንጫዋ ፊት በስተግራ ሄደ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥብጣቦቹን አንድ በአንድ ከራሱ በላይ አነሳ።

እስከ አራት የማውቀውን ቆጠረ። ከዚያ ትንሿን አነሳ፤ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ቁጥር ተናገረ።

«ፒያት።»

«አምስት» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ጮክ ብለው፤ እጃቸውንም አነሱ። እናቴም አነሳች። እኔ ሁለቱንም አነሳሁ።

እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ ያን ቀን አጎቴን ያስለቀስኩት ዕቃ በመስረቄ፣ የታረቀኝም በመመለሴ ይመስለኝ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ብሰርቅም ባልሰርቅም ከረጢቱ ውስጥ አምስት ነበሩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አምስት ነበሩ። ግማሽ ቀን ለማትሞላ ጊዜ ብቻ፣ በእኔ ምክንያት፣ አራት ሆኑ።

እንግዳዋ ሊሄዱ ሲነሱ አጎቴ ጄቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ሊሰጣቸው መሰለኝ። እሱ ግን ውኃዋን በሸሚዙ ጠረገና ከትራሱ ሥር አንድ ጥቅል ክር አወጣ፤ ቀይ፣ ገና ብዙ ያለው። ቆረጠ፣ የፊት ጎማዋ ላይ አሰረ፣ ጫፉን በጥርሱ በጠሰና ከስድስቱ አጠገብ አቆማት።

«ክሩ አላለቀም ነበር?» አልኩት።

«አላለቀም» አለ። «ቀይ የሚታሰረው ለተመለሰ ብቻ ነው። እስክትገባ እየጠበቅኳት ነበር።»